ከራጅ ክፍል የሚደፋ ብር



ራጅ በፊልም በሚነሣበት ሐኪም ቤት ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። የራጅ ፊልም በብር ውሑድ የተቀባ ነው። ዴቨሎፐር የተባለው መድኃኒት ጨረር ያገኘውን ወደ ጥቁር ብርነት ሲለውጠው፣ ያላገኘውን ደግሞ ፊክሰር አሟሙቶ ይዞት ይቀራል። ስለዚህ ያገለገለ ፊክሰር ቦይ ውስጥ በተደፋ ቁጥር ብሩም አብሮ ይፈስሳል፤ ወንዝ ሲደርስም በውሃ ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ፊክሰሩን ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ በጀሪካን በማጠራቀም፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ወይም እንደ ዕቃ መፈተጊያ በቀጠነ የብረት ሽቦ ውስጥ በማሳለፍ ብሩን መልሶ ማግኘት ይቻላል።

እኔ እንደማየው ጉድለቱ የዕውቀት ሳይሆን የመዝገብ ነው። አዲሱ ፊክሰር በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ያገለገለውን የሚረከብ ሰው ካልተመደበ ግን ጠያቂ አይኖረውም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ከልክሏል፤ አዋጁ በሥራ የሚተረጎመው ግን ፈሳሹ እንደ ንብረት ሲመዘገብና ከብሩ የሚገኘው ገንዘብ ለክፍሉ ሠራተኞች ጓንትና ለቀሪው ፍሳሽ ማጣሪያ ሲውል ነው።

ከኪሱ ብር አውጥቶ ቦይ ውስጥ የሚጥል ሰው የለም፤ የመንግሥት ብርም እንዲሁ ይጠበቅ እላለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ