የዝናቡ መግቢያና መውጫም ይነገር

ካዛንቺስ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ብዙ ይመከራል። የአፍሪካ የአየር ንብረት ፖሊሲ ማዕከልም እዚያው ነው። 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እ.አ.አ በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ በመወሰኑ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሆቴሎችና አዳራሾች የሚደረገው ምክክር ከእንግዲህ መብዛቱ አይቀርም። በእነዚህ መድረኮች ቀድሞ መነሳት ያለበት ግን የሰሜን ወሎው የራያ ቆቦ ማሽላ አምራች ጥያቄ ነው፦ ዝናቡ መቼ ይገባል? መቼስ ይወጣል?

ባለሙያው የዓመቱን ጠቅላላ መጠን አይቶ የጎላ ለውጥ የለም ሲል፣ አርሶ አደሩ ዝናብ ቀንሷል ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በሐምሌና በነሐሴ ባንድ ጊዜ ወርዶ ጎርፍ የሆነው ዝናብ በመለኪያው ይቆጠራል። በሚያዝያ የቀረው፣ በመስከረም እህሉ ፍሬ ሳይዝ የተቋረጠው ግን በዓመቱ ድምር ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል።

የቆቦ አርሶ አደር እንደ ደጋሌት ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ የአካባቢ ማሽላዎችን በሚያዝያ ይዘራል። ዝናቡ ከቀረበት በሐምሌ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይተካል። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍም በጠለፋ ወደ ማሳው ይመልሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ጉባኤ ሳይጠራለት ነው።

እንደ ተሻለና መልካም ያሉ ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን በስፋት ያልወሰደውን ገበሬ "ለውጥ አይቀበልም" ማለት የተለመደ ነው፤ አባባሉ ግን ፍርደ ገምድል ነው። የረጅሙ ማሽላ አገዳ የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። አጭሩ ይህን ያህል አገዳ የለውም፤ በዚያ ላይ ከጎረቤት ማሳ ቀድሞ ስለሚደርስ ወፍ ይረባረብበታል። ገበሬው የሚያሰላው ኩንታሉን ብቻ አይደለም።

የትንበያው ጊዜም አብሮ ሊታይ ይገባል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ይፋ የሚያደርገው በግንቦት አካባቢ ነው፤ ረጅሙ ማሽላ ግን ያን ጊዜ መሬት ገብቷል። "ከመደበኛ በታች" የሚለው አገላለጽም ቢሆን ልዝራ ወይስ ልቆይ ለሚለው ገበሬ መልስ አይሆንም።

በ2008 ዓ.ም በኤልኒኞ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ዜጎች የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ አስፈልጓቸው ነበር። ለዘር ያስቀመጠውን የበላ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢያምርም የሚዘራው አይኖረውም።

ስለዚህ ዝናቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ግምት በየወረዳው ተለይቶ፣ ከሚያዝያ ዘር በፊት በግብርና ባለሙያዎችና በአካባቢ ሬዲዮ ሊነገር ይገባል። ለጉባኤው ዝግጅት ከሚታሰበው ገንዘብ ፊት የዚህ ሥራ በጀት ሊቀድም ይገባል። ተተኪ ዘርም ሰኔ ሳያልቅ በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ይግባ፤ ነሐሴ ካለቀ በኋላ የሚራገፍ የጤፍ ዘር ለቆቦ ገበሬ አይደርስለትም።