ልጁ ዝም ሲል ማን ጠየቀው?

በቅርቡ ፒያሳ ኑር (በኒ) መስጂድ በር ላይ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ አገኘሁ። ቤተሰቡ በ2016 ዓ.ም. ከዶሮ ማነቂያ ተነስቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ልጁ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። «ምን ልታደርግ?» አልኩት። «ዐስርን እዚህ ልሰግድ» አለኝና ዝም አለ። አዲሱ ሰፈሩም መስጂድ እንዳለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ያ ሁሉ የፒያሳ ነዋሪ ሲነሳ የትምህርት ዘመኑ ገና አላለቀም ነበር። ስለ ቤቱ ብዙ ተባለ። ቤት በካሬ ሜትር ይለካል፤ አብሮ አደግ፣ አሊፍ ባ ያስቆጠረ ኡስታዝ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚቆጣ ጎረቤትስ በምን ይለካል? ስለዚህ የልጆች ኪሳራ እስኪ ማን ጠየቀ?

በዚህ ላይ ፈተናው አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ከወደቁ ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነውን? እኛ ግን ልጁን «አሳፈርከን» ብለን በዘመድ ፊት እናዋርደዋለን። ልጁ በር ዘግቶ መተኛት፣ ምግብ መተው፣ ሶላቱን ማዘግየት ሲጀምር «ሰነፈ» እንላለን።

ከሁሉ የከፋው ግን «የኢማን ማነስ ነው» የሚለው ፍርድ ነው። ይህን የሚሉ ወገኖች ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ማልቀሳቸውን ቁርኣን እንደነገረን ረስተዋል። የእርሳቸው ኢማን ጎድሎ ነበርን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወፉ ሞታበት ያዘነውን ትንሹን አቡ ዑመይርን ቀርበው ስለ ወፉ ጠይቀውታል። የአንድ ሕፃን ሐዘን በእርሳቸው ዘንድ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ934 እ.ኤ.አ. የሞተው ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል በልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፍ የነፍስን ሕመም እንደ አካል ሕመም መታከም ያለበት አድርጎ አስተምሯል። ከሺህ ዓመት በኋላ እኛ «አማኑኤል»ን የሆስፒታል ስም መሆኑን ትተን ስድብ አድርገነዋል። ሩቃ ማስቀራት ሐኪም ቤት መሄድን አይከለክልም፤ መድኃኒት ፈልጉ ያሉንም ራሳቸው ነቢዩ ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትምህርት ቤቶች የምክር አገልግሎትን የሥነ ሥርዓት ቅጣት ክፍል ማድረጋቸውን ይተዉ። ልጁ ሳይከሰስ ገብቶ የሚናገርበት በርና የሠለጠነ ሰው ይኑር። ከሌላ ሰፈር ለመጣ ተማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ደረሳችሁ?» ሳይሆን «እንዴት ነህ?» ይሁን። የመድረሳ ኡስታዞቻችን የቀረውን ልጅ ከመግረፋቸው በፊት ለምን እንደቀረ ይጠይቁ። የተበተነው እድርና ጀመዓም የለቅሶ ብቻ አይሁን፤ በየአዲሱ ሰፈር ያሉትን ልጆች በወር አንድ ቀን ያገናኝ። ኢማሞቻችን ይህን ጉዳይ በኹጥባቸው ያንሱት።

አባት ሆይ! ከመግሪብ እስከ ዒሻ ካለው ጊዜ ሩብ ሰዓቱን ለልጅህ ስጥ። ስለ ውጤቱ አትጠይቀው፤ ስለ ራሱ ጠይቀው። እናት ሆይ! ልጅሽ መሞትን ከተናገረ «አፍህን ዝጋ» አትበይው፤ ብቻውን አትተዪው፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰጂው።

ልጆቻችን አማና ናቸው። ነገ አላህ ፊት የምንጠየቀው ስንት አመጡ ተብለን ሳይሆን እንዴት ያዛችኋቸው ተብለን ነው። ያ የቅዳሜው ልጅ የመጣው ፒያሳ የሚያውቀው ሰው ፍለጋ ነው። የሚያውቀው ሰው ቤቱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ሁለት ታክሲ ባላስፈለገው ነበር።