የተቋራጩ ፈቃድና የሚለዋወጠው ደንብ

አንድ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ለዐይን የሚታየው ቀለሙ፣ በሩ፣ መስኮቱና ጣራው ነው። ቤቱ ሙቀትን እንዲይዝ ወይም እንዲከላከል የሚያደርገው ነገር ግን አብዛኛው ከግድግዳው ውስጥና ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ የሚቀር ስለሆነ ገዢው አያየውም። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት አብዛኛው የመኖሪያ ቤት የሚዋቀረው በእንጨት ነው። በቋሚዎቹ መካከል እንደ ጥጥ የለሰለሰ የሙቀት ማገጃ ይሞላና በላዩ ላይ የጂፕሰም ሰሌዳ ይመታበታል። ማገጃው የሚሠራው በውስጡ በያዘው አየር አማካይነት ነው፤ ሠራተኛው ቸኩሎ ከጠቀጠቀው ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦው ዙሪያ ክፍተት ከተወ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሰሌዳው ከተመታ በኋላ ይህን ጉድለት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት የሚደርስበት በሙቀት ወራት የመብራት ሒሳብ ሲመጣለት ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሒሳቡን ብዛት እንጂ ምክንያቱን አይረዳም።

ይህን የተደበቀ ሥራ ሕግ የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሕንፃ የኃይል ቁጠባ ደንብ ሲሆን፣ ቤቱ እንዴት መሠራት እንዳለበት ይደነግጋል። ሁለተኛው የሙያ ፈቃድ ሲሆን፣ ቤቱን ማን ሊሠራው እንደሚችል ይወስናል። ሁለቱ በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች እኩል ሊራመዱ ሲገባቸው በካሊፎርኒያ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ቆሞ ይታያል። በእኔ አስተያየት፣ የዚህ አለመመጣጠን ሸክም የሚወድቀው በትንሹ የቤት ሥራ ተቋራጭና እርሱን አምኖ በሚያሠራው ሰው ላይ ነው።

ደንቡ ከየት እንደመጣ መረዳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለአሜሪካና ለአንዳንድ ሌሎች አገሮች ነዳጅ መሸጥ ባቆሙ ጊዜ የዘይቱ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ ናረ። (በኢትዮጵያም በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በዚሁ ሳቢያ የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1974 የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ዋረን-አልኲስት የተባለውን ሕግ ፈረሙ፤ በዚህም ሕግ የግዛቲቱ የኃይል ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ያወጣው የመጀመሪያው የመኖሪያ ቤቶች የኃይል ደንብ በ1978 በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ሲሻሻል ቆይቷል።

ማሻሻያዎቹ ቀላል አይደሉም። ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤት ላይ፣ ጥቂት ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሰሌዳዎች እንዲተከሉ ታዘዘ። ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራበት እትም ደግሞ ጋዝ አቃጥሎ ቤት ከማሞቅ ይልቅ ሙቀትን ከውጭው አየር ሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ የበለጠ ያበረታታል። ስለዚህ ትናንት የጋዝ ምድጃና የጭስ መውጫ መግጠም የሚያውቅ ባለሙያ ዛሬ ሌላ ዕውቀት ያስፈልገዋል።

ኮሚሽኑ የ2020ውን ለውጥ ሲያቀርብ አዲሱ ደንብ በአንድ ቤት ዋጋ ላይ ወደ 9,500 ዶላር እንደሚጨምር፣ በ30 ዓመት ውስጥ ግን 19,000 ዶላር እንደሚያድን ገምቶ ነበር። ስሌቱ ለነዋሪው መልካም ነው። ተቋራጩ ግን በቤቱ ውስጥ 30 ዓመት አይኖርም፤ የእርሱ ጉዳይ የዛሬ ወጪና የዛሬ ውል ነው። በአንድ ቤት ላይ የሚጸናው ደንብ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻው በገባበት ዕለት ይሠራበት የነበረው ነው። ተቋራጩ በጥቅምት ዋጋ ነግሮ ሲያበቃ አሠሪው እያመነታ ማመልከቻው ከጃንዩወሪ 1 ቀን ካለፈ፣ ያ የተነገረው ዋጋ ለሌላ ቤት የተነገረ ያህል ይሆናል። ትልቅ ኩባንያ ይህን የሚከታተሉለት መሐንዲሶችና ጸሐፊዎች አሉት። ትንሹ ተቋራጭ ቀን በሥራ ቦታ ውሎ ማታ ከራት በኋላ ብቻውን ያነበዋል፤ ያውም ካነበበው።

አሁን ወደ ሁለተኛው በሬ እንመለስ። የካሊፎርኒያ የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ የተመሠረተው በ1929 ሲሆን፣ ፈቃድ ለማግኘት የሚጠይቀው ነገር ጥቂት አይደለም። አመልካቹ በሙያው ቢያንስ የአራት ዓመት የሥራ ልምድ ሊኖረው፣ በሕግና በንግድ አያያዝ እንዲሁም በሙያው ፈተና ሊያልፍ፣ ዋስትናም ሊያቀርብ ይገባዋል። ዋስትናው ከጃንዩወሪ 2023 ጀምሮ ከ15,000 ወደ 25,000 ዶላር ከፍ ብሏል። በዚያው ጊዜ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ተቋራጮች ምንም ሠራተኛ ባይኖራቸው እንኳ የሠራተኛ ጉዳት መድን እንዲገቡ ታዝዘዋል። ብቻውን በጭነት መኪናው እየዞረ የሚሠራ ሰው ላልቀጠረው ሠራተኛ መድን ሲከፍል ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ፈቃድ ሳያወጣ የሠራ ደግሞ ሥራውን ቢጨርስም ገንዘቡን ተከልክሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ ሕጉ አይሰማውም። በ2024 መጨረሻ ድረስ ያለ ፈቃድ መሥራት የሚቻለው ከ500 ዶላር በታች የሆነ ሥራ ብቻ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ቢልም፣ የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሥራና ረዳት ቀጥሮ መሥራትን አይጨምርም።

እንግዲህ በሩ ጠባብ ነው። በሩን ካለፉ በኋላ ግን የሚጠይቅ የለም። ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ ሲታደስ ተቋራጩ ክፍያውን ይከፍላል፤ አዲሱን ደንብ ስለ መማሩ ማስረጃ አይጠየቅም። በ1995 ተፈትኖ ያለፈ ሰው ደንቡ ደጋግሞ ቢለወጥም በዚያው በ1995 ዕውቀቱ ፈቃዱን እያሳደሰ ሊቀጥል ይችላል። መንግሥት ዋስትናውን፣ መድኑንና ክፍያውን ሲጨምር የተቋራጩን ኪስ ተቆጣጠረ እንጂ እጁ የሚሠራውን አላስተማረም።

ታዲያ ተቋራጩ የሚማረው የት ነው? ብዙ ጊዜ በመውደቅ ነው። ለምሳሌ የአየር ማስተላለፊያ ቧንቧዎች ሲገጠሙ ከተቋራጩ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው መርማሪ መጥቶ መውጫዎቹን ይደፍናል፤ በማራገቢያ አየር ይነፋና ምን ያህሉ እንደሚያፈስ ይለካል። ልኩ ካለፈ ተቋራጩ ኮርኒስ ላይ ወጥቶ መጋጠሚያዎቹን እንደገና ያሽጋል፤ የዚያን ቀን ድካም የሚከፍለው ማንም የለም። ምርመራው መልካም ነው፤ እኔ የምቃወመው ብቸኛው ትምህርት ቤት እርሱ እንዲሆን ነው።

ይህ የተቋራጮች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያመለክት ጥናት አለ። አሪክ ሌቪንሰን የተባሉ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ሊቅ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከደንቡ በኋላ የተሠሩ የካሊፎርኒያ ቤቶች ከደንቡ በፊት ከተሠሩት ያነሰ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጁ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። በዚህ ውጤት ሌሎች ምሁራን ይከራከራሉ፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም። እኔ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ በወረቀት ላይ የተጻፈው ማገጃና በግድግዳው ውስጥ የተጠቀጠቀው ማገጃ አንድ አለመሆናቸው ነው ብዬ እገምታለሁ።

የግዴታ ትምህርት ይሰጥ ሲባል ተቋራጮች «ሌላ ሸክም!» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሸክሙ ከበዛ ሥራው ፈቃድ ወደሌላቸው ሰዎች ይሸሻል። ነገር ግን በሚኒሶታ ግዛት የመኖሪያ ቤት ተቋራጭ በየሁለት ዓመቱ 14 ሰዓት ይማራል፤ ከዚህም ቢያንስ አንዱ ሰዓት ስለ ኃይል ቁጠባ ነው። 14 ሰዓት ሁለት የሥራ ቀን አይሞላም። አንድ ቤት ገብቶ ቧንቧን ዳግመኛ ማሸግ ብቻውን ከዚህ የማይተናነስ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ካሊፎርኒያ ይህን ሥርዓት ብትወስድ ትምህርቱ ያለ ክፍያ ሊሰጥ፣ ሲቻልም በሥራ ቦታ፣ ማገጃውንና ቧንቧውን በእጅ እያስነካ ሊሆን ይገባል። ተቋራጭን ወንበር ላይ አስቀምጦ አንቀጽ ማስነበብ እንቅልፍ ከማምጣት አያልፍም።

ጊዜውም ተመቻችቷል። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ2025 ባወጣው ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የመኖሪያ ቤት ደንቦች ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 እስከ ጁን 1 ቀን 2031 እንዳይለወጡ አግዷል። ዓላማው የቤት ዋጋ እንዳይንር ነው። ሯጩ በሬ ለጊዜው ቆሟል ማለት ነው፤ የቆመውን ለማስነሣት ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። ከእገዳው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ፈቃድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይታደሳል፤ ትምህርቱን ለመጀመር ከእነዚህ አንዱ ይበቃል።