ቡችላው የረከሰው ማን ከፍሎለት ነው?

ቴሌግራም ላይ ቡችላ የሚሸጥባቸውን ገጾች የሚከታተል ሰው ማስታወቂያውን በቃሉ ሳያውቀው አይቀርም። «ፒዩር ጀርመን ሼፐርድ፣ 1 ወር ከ5 ቀን፣ ወንድ 4 ሴት 2፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» ፎቶው ላይ ሆዱ ከበሮ ያከለ ቡችላ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከስር አስተያየት የሚጽፈው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ላስት ስንት?»

ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲያውም ዋጋ የማይጠይቅ ገዢ ሳይ ነው የምደነግጠው። የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ አለመኖሩ ነው። እናትየው የት ናት? ስንተኛ ወሊዷ ነው? የትል መድኃኒት ወስደዋል? ክትባትስ? ሳልችል ብቀር መልሼ ላምጣው? ይህንን የሚጠይቅ የለም። ሻጩም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ውሻ ማራባት ብዙ ወጣቶች በትርፍ ጊዜያቸው የጀመሩት ሥራ ሆኗል። ጥሩ ነው፣ ይስሩ። ግን አሁን ባለው አያያዝ ገበያው የሚሸልመው ግዴለሹን ሻጭ ነው፤ የሚጠነቀቀውን ደግሞ ይቀጣዋል። ይህንን መቀየር የሚችለው ከማንም በፊት ገዢው ነው ባይ ነኝ።

በፈረንጆቹ 1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጥናት አሳተመ። ነገሩ ወዲህ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፣ ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው ቀለም ተቀብቶ የመጣው ነው። አከርሎፍ በዚህ ሥራው በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸልሟል።

የቡችላው ገበያ ደግሞ ከመኪናው ይብሳል። መኪና ስትገዙ ቢያንስ መካኒክ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ጀርመን ሼፐርድ ላይ በብዛት የሚታየው የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ግን ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው ውሻው ካደገ በኋላ ነው። ፓርቮ የሚባለው በሽታም ቡችላው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሲሸጥ ሲዘል የነበረ ቡችላ እናንተ ቤት ከገባ በኋላ ያስታውከዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረዋል። ያን ጊዜ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

እስቲ ሁለት ሻጮችን አስቡ። አንዷ ውሻዋ 2 ዓመት ሳይሞላት አታስጠቃትም፤ ከተቻለም ዳሌዋን በራጅ ታሳያለች። እናትየው ስታረግዝም ስታጠባም ምግቧን ትጨምርላታለች። ቡችሎቹን 8 ሳምንት ታቆያለች። ሌላው ውሻዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ እንደፈለገች ያስጠቃታል፣ በየ6 ወሩ ያስወልዳታል፣ በ5ኛው ሳምንት ይሸጣል። ቴሌግራም ላይ ሁለቱም «ፒዩር» ናቸው። ፎቶውም አንድ ነው። ማን ያረክሳል? መልሱን ታውቁታላችሁ።

«1 ወር ከ5 ቀን» የሚለው ዕድሜም እንዲሁ የመጣ አይደለም። ቡችላ የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት የሚኖረው በእናቱ ወተት ነው። ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ምግብ ይለምዳል፣ በ6ኛውና በ8ኛው መካከል ክትባት ይጀምራል። ወጪ የሚባለው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው። እንበልና 8 ቡችሎች ተወለዱ፤ እስከ 8ኛው ሳምንት ለማቆየት ለእያንዳንዱ ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለመጀመሪያ ክትባት 2,000 ብር ቢወጣ 16,000 ብር ነው። ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል ነው። በ5ኛው ሳምንት የሚሸጥ ሰው ይህንን ወጪ አላስቀረውም፣ ወደ ገዢው ነው ያሻገረው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ወጪው እጥፍ ሆኖ፣ በክሊኒክ ደረሰኝ ይመጣል።

ከገንዘቡ ሌላም የሚጎድል ነገር አለ። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ነው። ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ሲናከስ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚያም የሚማረው እዚያ ነው። ሰው፣ ሕፃን፣ የመኪና ጥሩንባ፣ መጥረጊያ የያዘች ሴት፣ ሁሉንም ሳይፈራ የሚለምደው በዚህ ዕድሜ ነው። ያለ ጊዜው ከእናቱ ተለይቶ ካርቶን ውስጥ ያደገ ውሻ በኋላ ላይ ፈሪ ወይም ተናካሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እኛ ደግሞ «ኃይለኛ ነው» ብለን እናደንቀዋለን።

ሥራው በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። ኮተቤ የሚኖረው አጎቴ ጀርመን ሼፐርድ አለችው፤ አምና ክረምት ስትወልድ አብሬው አድሬ ነበር። ሰውዬው ከተጠቃችበት ዕለት ጀምሮ ቀን ቆጥሯል። የውሻ እርግዝና ወደ 63 ቀን ገደማ ነው፤ ጥቂት ቀን ከፍ ዝቅ ይላል። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ይለካል። የውሻ ሙቀት በአብዛኛው ከ38 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከ37.2 በታች ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል። የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ቀድሞ ይዟል፤ ማታ እንደሚያነሳለትም ጠይቆ አረጋግጧል።

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታው ነው። እንደ ፊልም ሩጫ የለም። እናትየው ሥራዋን ታውቃለች፦ ሽፋኑን ትቀዳለች፣ እትብቱን ትቆርጣለች፣ ትልሳለች። አጎቴ የሚያደርገው ሰዓት መጻፍ ብቻ ነው። ሐኪሙ የነገረውን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል፦ በኃይል እያማጠች 30 ደቂቃ አልፎ ካልወለደች፣ በሁለት ቡችሎች መካከል 2 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወጣ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፣ ስልክ ደውል። የወጣውን የእንግዴ ልጅም ይቆጥራል፤ ሆድ ውስጥ እንዳይቀር።

እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ። የአዲስ አበባን የክረምት ሌሊት ታውቁታላችሁ። አዲስ የተወለደ ቡችላ ደግሞ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት። አጎቴ ለዚህም ተዘጋጅቷል። በፔርሙዝ የያዘውን ሙቅ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ ሞላ፣ በፎጣ ጠቀለለ፣ የሳጥኑ አንድ ጎን ላይ ብቻ አስቀመጠ፤ የሞቀው ቡችላ ወደ ሌላው ጎን መሸሽ እንዲችል። ሲነጋ 7ቱም እንገር ጠብተዋል። እንገሩ በመጀመሪያው ቀን መጠባት አለበት፤ ከበሽታ የሚከላከላቸው እሱ ነው፣ ከ24 ሰዓት በኋላ አንጀታቸው ያንን መከላከያ መቀበል ያቆማል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝናቸው ነበር። ጤነኛ ቡችላ በሳምንት ከምናምን ቀን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ኪሎው የቆመ ቡችላ ታሟል ወይም በወንድሞቹ ተገፍቶ አልጠባም ማለት ነው። በ2ኛው ሳምንት የትል መድኃኒት ተጀመረ፣ ከዚያ በየ2 ሳምንቱ። እነዚያ ፎቶ ላይ የምናያቸው የተነፉ ሆዶች ሁልጊዜ የጥጋብ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ትል ነው። ከእነዚህ ትሎች አንዳንዶቹ ወደ ሕፃናት ይተላለፋሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከ7ቱ 4ቱ ሴቶች ነበሩ። በእኛ ሀገር ሴት ቡችላ ፈላጊ የላትም። «ትወልድብኛለች»፣ «የሰፈር ወንድ ውሻ ሁሉ በሬ ላይ ያድራል» ይባላል። ስለዚህ ወንዶቹ ይሸጣሉ፣ ሴቶቹ በማዳበሪያ ተደርገው ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይቀራሉ። ይህንን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ከተጣሉት ውስጥ የተረፈችው ሴት ዓመት ሳይሞላት ትወልዳለች። የመንገድ ውሻ በዛ ብለን የምናማርረው ከሰማይ የወረደ ይመስል ነው። ከግቢያችን ነው የወጣው።

ኢኮኖሚስቶች ሁለት ሰዎች ተገበያይተው ዋጋውን ሦስተኛ ሰው ሲከፍል ውጫዊ ወጪ ይሉታል። እዚህ ጋ ሦስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች ደግሞ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ፓስተር ደጃፍ ልጁን አቅፎ ወረፋ የሚጠብቅ ወላጅ ውሻውን አልገዛም፣ አልሸጠም፣ አልጣለም። ክፍያው ግን የእሱ ነው። (በነገራችን ላይ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትዘገዩ ሂዱ።)

አጎቴ ሴቶቹን አልጣለም። ሁሉም ቤት እስኪያገኙ 11 ሳምንት ሆናቸው። የሚመጣውን ሰው ልክ ቤት እንደሚያከራይ ሰው ይጠይቅ ነበር፦ ግቢ ነው ኮንዶሚኒየም? ቀን ማን ይኖራል? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ምን ሆነ? አንዱ «ሌት ተቀን በሰንሰለት አስራታለሁ፣ ኃይለኛ እንድትሆን» አለ። አጎቴ «ይቅርታ፣ ተይዛለች» ብሎ ሸኘው። ለወሰዱት ሁሉ ደግሞ አንድ ቃል አስገባቸው፦ «ካልቻላችሁ ለእኔ መልሱ፣ ሜዳ ላይ እንዳትጥሏት።» አንዲቷ ከ2 ወር በኋላ ተመለሰች፤ ባለቤቶቹ ቤት ቀይረው ነው። ተቀበላት፣ ሌላ ቤት ፈለገላት።

ይህንን ስናገር የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ሰው የሚበላው ባጣበት ሀገር ስለ ውሻ ራጅ ታወራለህ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ርካሹ ገበያ የሚጎዳው ማንን ነው? መኪና ያለው ሰው ልጅ በመኪና ትምህርት ቤት ይሄዳል። ማለዳ ከውሻ መንጋ ጋር የሚፋጠጠው በእግሩ የሚሄደው ልጅ ነው። ሁለተኛው መልስ «ታዲያ ውሻ ለሀብታም ብቻ ይሁን?» የሚል ነው። አይሁን። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ የፈለገ ሰው የግድ የፈረንጅ ዝርያ አያስፈልገውም። የሐበሻ ውሻችን ብርዱንም ምግቡንም የለመደ፣ ንቁ ጠባቂ ነው፤ ብዙ ጊዜም በነፃ ይገኛል። ለዝርያ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ብር ለክትባትና ሴት ከሆነች ለማስመከን አውሉት። በእኔ ስሌት አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የውሻ ምርጫዎች ብዙ የሚያተርፈው እሱ ነው።

ዝርያ ካላችሁም መብታችሁ ነው። ግን ብር ከመላካችሁ በፊት ቤቱ ሄዳችሁ እናትየውን እዩ። «እናቷ የለችም፣ ገጠር ናት» ካላችሁ ተመለሱ። የክትባት ካርዱን ቀንና የሐኪም ማኅተም እዩ። ከ8 ሳምንት በታች ያለውን አትቀበሉ። መንገድ ዳር አሳዝኗችሁ የምትገዙት ቡችላ ደግሞ አንዱን ያድናል፣ ሻጩ ግን በሚቀጥለው ሳምንት በምትኩ ሌላ ይዞ ይመጣል። ፍላጎት ነው አቅርቦትን የሚጠራው።

ለምታራቡት እኩዮቼ ደግሞ ይህን እላለሁ። አከርሎፍ ራሱ መውጫውን ጠቁሟል፦ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ዋስትና ይስጥ። መጥፎው ሻጭ ኪሳራ ስለሚሆንበት ያንን መኮረጅ አይችልም። እናትየውን በቪዲዮ አሳዩ፣ ካርዱን ለጥፉ፣ የወሊዷን ቁጥር ጻፉ፣ «ካልተስማማችሁ እቀበላለሁ» በሉ፣ ከዚያ ዋጋችሁን ከፍ አድርጉ። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ያየ ገዢ ቀጥሎ የሚያየውን ሻጭ ካርድ መጠየቁ አይቀርም።

ቤታችሁ ውሻ ላላችሁ ሁሉ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ሰንሰለት ይቆረጣል ይላል። 3 ወር የሞላው ውሻችሁ ተከትቧል? ካርዱ የት ነው? ካላስታወሳችሁ አልተከተበም በሉና በዚህ ሳምንት ውሰዱት።