11 ቁጥርን አትቅበሯት

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦን ሽቅብ ተያያዝነው። «እኛ» ስንል ያው በዚህች ገጽ ሳምንት ሳምንት የምንነታረከው ልጆች ነን፤ አንባቢ ያውቀናል። ስፖርተኞች እንዳንመስላችሁ፤ ግማሾቻችን ማርያም ሳንደርስ ትንፋሻችን አልቆ ነበር። በባሕር ዛፉ መሀል ግን እውነተኞቹ ሯጮች እንደ ልማዳቸው አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አለፉን። መጨረሻ ላይ የነበረው ልጅ ደረቱ ላይ ከየትኛው ውድድር እንደተረፈ የማይታወቅ፣ ዝናብና ፀሐይ ያነጣው የመሮጫ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ይዟል። 11 ይላል።

ጠብ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ከመሀላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፣ ራሱን ያውቃል) «ይሄ ቁጥር እኮ የአበበ ነው፤ ማንም ተነስቶ ሊለጥፈው አይገባም!» አለ። ቁልቁል ወርደን ሻይ እስክናዝ ድረስ ሐሳቡ ወደ ረቂቅ አዋጅ አድጎ ነበር፦ በኢትዮጵያ ምድር በሚደረግ ሩጫ ሁሉ 11 ቁጥር ከእንግዲህ ለማንም አይሰጥ። ሁለት ሰዎች ደገፉት። ሦስተኛዋ «የሻይ ሂሳብ ከከፈልክ እኔም እደግፋለሁ» አለች።

(በነገራችን ላይ ልጁ ሲመለስ ጠጋ ብለን አይተነዋል። 11 አልነበረም። ወረቀቱ ተቀዶ የቀሩት አሃዞች ሄደዋል። ክርክሩን ግን ይህ አላስቆመውም።)

እኛ፣ ማለትም የተረፍነው አብላጫዎች፣ ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። አበበን ስለማንወድ አይደለም፤ ስለምንወደው ነው።

መጀመሪያ የወዳጃችንን ወገን በወጉ እናስቀምጠው፤ አለዚያ ጨዋታው ፍትሐዊ አይሆንም። ዓለም ይህን ያደርጋል ይለናል። እውነቱን ነው። ናፖሊ የማራዶናን 10 ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ከአገልግሎት አውጥቷል። ፈረንሳዊው የፎርሙላ ዋን ሾፌር ጁልስ ቢያንኪ በ2014 ጃፓን ውስጥ በደረሰበት አደጋ ሳቢያ በ2015 ሲሞት፣ የዓለም የመኪና ስፖርት ማኅበር 17 ቁጥርን ከውድድር አውጥቷል። «እኛስ ምን ጎደለን? አንድ ሕፃን የቁጥሮቹን ዝርዝር ሲያይ 10፣ ከዚያ 12 ነው። ‹11ስ?› ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አበበ ነው። ሐውልት አያስፈልግም፤ ባዶ ቦታው ራሱ ይናገራል።» እንዲህ አለ ወዳጃችን። አንዳንዴ ደህና ያወራል።

ግን ወዳጃችን ያላነሳው አንድ ምሳሌ አለ፤ እኛ እናንሳለት። አሜሪካኖች ናስካር የሚሉት የመኪና እሽቅድምድም አላቸው። መኪኖቹ የሚለዩት በር ላይ በተጻፈ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ደጋፊው ቁጥሩን በኮፍያ ያደርገዋል፣ በክንዱ ይነቀሰዋል። ዴል ኧርንሃርት የሚባለው ዝነኛ ሾፌር በ3 ቁጥር መኪና ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በዴይቶና 500 ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የቡድኑ ባለቤት ሪቻርድ ቺልድረስ ቁጥሩን አስቀመጠው። ውድድሩን የሚመራው ድርጅት ግን ቁጥር ከአገልግሎት የማውጣት ልማድ የለውምና በይፋ አልዘጋውም። እንዲሁ ዝም ተብሎ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ።

በ2014 ቺልድረስ 3ን አውጥቶ ለልጁ ልጅ ለኦስቲን ዲሎን ሰጠው። ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። «መቃብር መንካት ነው» የሚሉ ነበሩ። እስቲ ግን አስቡት፤ ኧርንሃርት ከመምጣቱ በፊት በ3 ቁጥር ይነዳ የነበረው ማን ነው? ራሱ ቺልድረስ! ቁጥሩ ከሟቹ በፊትም ሰው ነበረው፣ ከሟቹ በኋላም ሰው አገኘ። በ2018 ዲሎን ያንኑ ዴይቶና 500 በ3 ቁጥር አሸነፈ፤ ኧርንሃርት እዚያው በ1998 ካሸነፈ ከሃያ ዓመት በኋላ። ያን ቀን ስለ ኧርንሃርት ያልተናገረ ማን ነው? ቁጥሩ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀር ኖሮ ያን ቀን ማን ያስታውሰው ነበር?

ወደ አገራችን እንመለስ። የመኪናው ቁጥር ቢያንስ ለዓመታት ከአንድ ሰው ጋር ይኖራል። የማራቶን ቁጥርስ? የአንድ ቀን ወረቀት ነው። አዘጋጆቹ ይሰጡሃል፣ በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለህ፣ ማታ ትጥለዋለህ። አበበ 11ን አልመረጠውም። እንዲያውም የሮም ታሪክ ስለ ቁጥር አንድ የሚያስቅ ትምህርት አለው፤ የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልነገሩንም።

ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። እዚህ ሰው ለእንቁጣጣሽ በሚሰናዳበት ሰዓት አበበ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ብርቱ ተፎካካሪው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እንደሆነ፣ ቁጥሩም 26 እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ 26ን ይፈልጋል። አጠገቡ 185 የለጠፈ ሰው አብሮት ይሮጣል፤ አበበ ግን ዓይኑ 26 ላይ ነው፣ ከፊት ያለ መስሎታል። 185 የለጠፈው ሰው ራዲ ራሱ ነበር! የማራቶን ቁጥሩን ሳይወስድ ለ10 ሺህ ሜትር የተሰጠውን አድርጎ መጥቷል። እንግዲህ ቁጥር ያን ማታ ለአበበ የሠራው ሥራ ይህ ነው፦ ዋሸው። ለድል ያበቃው እግሩና የአክሱም ሐውልት ነው። ጣሊያኖች ከእኛ ወስደው ሮም ያቆሙት ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፈትለክ አለ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ሐውልቱን እንኳ ከብዙ ዘመን ክርክር በኋላ በ1997 አስመለስነው። ያ ክብር ነው፤ ላብ ያለበት ክብር።

ደግሞስ የትኛው ቁጥር? ጋዜጠኝነት ስንማር ከሁሉ በፊት የነገሩን «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ የሚለውን ነው። አበበ ሮም ላይ 11 ነበር። ቶኪዮ ላይ 17። ሜክሲኮ ላይ 1። የቶኪዮው ድል ከሮሙ በምን ያንሳል? ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ፣ ሣር ላይ ጂምናስቲክ እየሠራ ጠበቀው። በጫማ ስለሮጠ ነው 17 የተረሳው? እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። 11ን በነጠላው ስናነግሥ የምናነግሠው ባዶ እግሩን ነው፤ ፈረንጅ የሚወደውን ፎቶ። አበበ ክብር ዘበኛ ነበር፤ ተግቶ የሠለጠነ፣ አሠልጣኝ ያለው፣ የመጣለት ጫማ አልመች ስላለው እንደ ልምምዱ በባዶ እግሩ ለመሮጥ የወሰነ ባለሙያ ነው። «ጫማ ያጣው ድሃ» አድርገው ሲተርኩት ዝም ማለታችን አንሶ አሁን ደግሞ በቁጥር ልናጸድቀው ነው? (ቁጥር ለሚቆጥሩ አንድ ጉርሻ እንስጥ፤ የቶኪዮው ድል በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1957 ነበር። እንካችሁ፣ እሱንም ዝጉት።)

በሮም ሌላም አበበ ነበር። አበበ ዋቅጅራ ይባላል፤ በዚያው ማራቶን ሰባተኛ ወጥቷል። ቁጥሩ ስንት ነበር? ከሻይ ጠረጴዛችን ዙሪያ የመለሰ የለም። እኛንም ጨምሮ።

አሁን ወደሚያናድደን ነጥብ። 11 ቁጥርን መዝጋት ምን ያስወጣል? ምንም። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ማኅተም፣ ምናልባት አንድ መግለጫ ከታሸገ ውኃ ጋር። የምንቃወመውም ለዚህ ነው። ነፃ የሆነ ክብር ሲቀርብልን እጃችን ይፈጥናል፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ሲመጣ ግን እንተኛለን። ማስረጃ ካላችሁ እነሆ፦ ቪብራም የተባለው የጫማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 «ቢቂላ» የሚል ስም የሰጠው ጫማ ገበያ ላይ አወጣ። የአበበ ቤተሰብ በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2016 ጉዳዩ ተዘጋ፤ ዳኛው በአጭሩ ዘግይታችኋል አሉ፣ ከ2011 ጀምሮ እያወቃችሁ ቆይታችሁ ነው የመጣችሁት። ልብ በሉ፣ የተወሰደው ስሙ ነው። የአባት ስም! ቤተሰቡ ብቻውን ሲሟገት እኛ፣ ስለ 11 ጥርስ የምንናከሰው፣ የት ነበርን? ጉዳዩን ራሱ የሰማነው ስንቶቻችን ነን?

ሌላ ማስረጃ ደግሞ እዚያው እንጦጦ አለ። እነዚያ ጠዋት ያለፉን ልጆች ከከተማው ዳር ዳር ተነስተው፣ የታክሲ ሳንቲም ቆጥረው፣ ጎህ ሳይቀድ ጅብ እየሰጉ ተቧድነው ነው ተራራውን የሚወጡት። ከመሀላቸው ለውጭ ውድድር የሚበቁት ጥቂት ናቸው። ለቀሪዎቹ ማን ምን ያደርጋል? መስከረም 30 ቀን 2013 የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ተራራው አምሮበታል፤ ፎቶ ተነስተናል፣ አንክድም። ሯጮቹ ግን በፎቷችን ጀርባ የሚያልፉ ጥላዎች ሆነው ቀርተዋል። ለሞተው ሯጭ ቁጥር ስንዘጋ በሕይወት ላለው ሯጭ የምንከፍተው ምንድን ነው?

ወዳጃችን እዚህ ላይ «ሁለቱን ማድረግ ይቻላል» አለ። ይቻላል። ግን ስንት ጊዜ ሁለቱን አድርገን እናውቃለን?

የሴቶቹን ነገር ሳናነሳ አናልፍም፤ የሻይ ሂሳቡን ያነሳችው ልጅ ናት ያመጣችው። በ1952 ሮም ላይ ለሴት የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር። የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ፣ ቲኪ ገላና በ2012 ለንደን ወርቅ አመጡ። መስከረም 13 ቀን 2016 ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች፤ በዚያን ዕለት የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን። እስቲ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት ጋር አስተያዩት። በ18 ሰከንድ ትቀድመዋለች! በእሱ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ መቆም እንኳ ያልተፈቀደላት ሴት። ይህን ስንሰማ ጠረጴዛው ዝም አለ። ታዲያ አሁን፣ ሴቶቹ በደረሱበት ሰዓት፣ 11ን እንቆልፍ? አንዲት የአርሲ ወይም የጉለሌ ልጅ 11ን ለጥፋ «ይሄ የአበበ ነው፣ ዛሬ የእኔ ነው» እንዳትል?

አበበ ራሱ የተዘጋ ነገር የሚወድ ሰው አልነበረም። መጋቢት 13 ቀን 1961 ሌሊት ቮልስዋገኑ ሸኖ አካባቢ ተገልብጣ ወገቡ ከታች ሽባ ሆነ። በዓለም ላይ ከሁሉ የከበሩትን እግሮች ያጣ ሰው ነው እንግዲህ። ቢተወው ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ሲወረውር ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966፣ በ41 ዓመቱ፣ አረፈ። እንዲህ ያለውን ሰው ቁጥር «ከውድድር ውጪ» ማድረግ ግጥሙ የማይገጥም ነው።

«እሺ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ተባልን። የአሜሪካ ቤዝቦል ከዘረኝነት አጥር ጥሶ የገባውን የጃኪ ሮቢንሰንን 42 ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1997 በሁሉም ቡድኖች ዘግቶታል። ዘግቶ ግን አልተወውም። በየዓመቱ ሚያዝያ አጋማሽ፣ ሮቢንሰን በገባበት ቀን፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ 42 ለብሰው ይወጣሉ። ሜዳው በሙሉ 42 ነው፤ ማን ማን እንደሆነ እስኪጠፋ። እኛም የምንለው ከዚህ ሁለተኛው ክፍል ነው። ጳጉሜን 5 እንጦጦ ላይ አንድ ሩጫ ይሁን። ሽልማት አያስፈልገውም። ሯጩ ሁሉ፣ ከሻምፒዮኑ እስከ እኛ ማርያም ሳንደርስ እስከምንወድቀው ድረስ፣ 11 ይለጥፍ። «ሰዓት እንዴት ይያዛል?» ላለው ወዳጃችን፦ ጫማ ላይ የሚታሰር ቺፕ የሚባል ነገር አለ፤ ታላቁ ሩጫ ላይ ሮጠህ ቢሆን ታውቀው ነበር። በቀሩት የዓመቱ ውድድሮች ደግሞ 11 ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ማራቶን ለሚሞክር፣ ክለብ ለሌለው ልጅ ይሰጥ፤ ከነመጓጓዣው ከነጫማው። የሚያስወጣው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ክብር ነው።

ወዳጃችን አልተረታም። «የመጀመሪያው ልጅ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቢያቋርጥስ? 11 ቁጥር አስፋልት ዳር ተቀምጦ ሲያለቅስ ልናይ ነው?» አለ። አበበም ሜክሲኮ ላይ፣ 1 ቁጥርን ለጥፎ፣ እግሩን ታምሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጧል፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ይህን ስንነግረው ሻዩን ጨልጦ ተነሳ። ሂሳቡን አልከፈለም። በመጪው እሑድ ከሽሮ ሜዳ በ12 ሰዓት እንነሳለን፤ ክርክር ያለው ጫማውን አጥብቆ ይምጣ።