ለወንድ ልጅ ብርቅ ስም ከማውጣታችን በፊት



ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ባለበት ቤት ሕፃን ሲወለድ ምን እንደሚሆን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስልክ ይደወላል፤ «አንተ ተምረሃል፣ እስቲ ሰው ያላወጣው ስም ፈልግልን» ይባላል። ተማሪውም ኢንተርኔት ከፍቶ ከረጅም የስም ዝርዝር ውስጥ ለጆሮው የጣፈጡትን ሦስት አራት ስሞች ይልካል። ለአንድ የላብራቶሪ ሪፖርት ከምንሰጠው ጊዜ ባነሰ ጊዜ የተመረጠ ስም ዕድሜ ልክ ይቀመጣል።

በዚህ ሴሚስተር ለእኔም ተደውሎልኛል። እህቴ ሦስተኛ ወንድ ልጇን ወልዳ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ በቤታችን ከተደረገው ክርክርም ጭምር ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለወንድ ልጅ ያልተለመደ ስም ማውጣት ወንጀል አይደለም፤ ብርቅ መሆኑ ብቻም አጅር አያስገኝም። መጠየቅ ያለበት ስሙ ከየት መጣ፣ ምን ማለት ነው፣ ልጁስ ሳይሸማቀቅ ይዞት መኖር ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ማንም ያልተጠራበት ስም

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ያልተሰማ ስም ምን ያደርጋል?» ሲሉ ይደመጣሉ። ሱረቱል መርየምን የቀራ ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። አላህ ዘከሪያን (ዐ.ሰ.) በልጅ ሲያበስራቸው ስሙን ራሱ ሰጠው፦ የሕያ። ከዚያ በፊት በዚህ ስም የተጠራ ማንም እንዳልነበረም እዚያው ተነግሮናል። ስለዚህ አዲስነት ብቻውን ነውር ሊሆን አይችልም።

የሐበሻ ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ያሳየናል። ሰሓቦች ወደ አገራችን በተሰደዱ ጊዜ የጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ዐብዱላህ ተባለ። ዛሬ ዐብዱላህ በየቤቱ አለ። ያን ጊዜ ግን ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ ስም እንደነበር መገመት አያስቸግርም። አንድ ትውልድ እንግዳ ያለው ስም ለሌላው ትውልድ የአያት ስም ይሆናል።

በሌላ በኩል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ሲለውጡ ትርጉሙን አይተው ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት የሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ አያት ሐዝን ይባሉ ነበር። ሐዝን ሸካራ፣ አስቸጋሪ መሬት ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰህል እንዲባሉ ሐሳብ አቀረቡላቸው፤ ሰህል ለጥ ያለ፣ የገራ መሬት ነው። እኛ ሲቪል ምህንድስና የምንማረው ልዩነቱ ወዲያው ይገባናል፤ አንዱ ላይ መንገድ ለመሥራት ድንጋይ መፈንዳት አለበት። ሰውየው ግን አባቴ ያወጣልኝን ስም አልቀይርም አሉ። የልጅ ልጃቸው ሰዒድ ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን ሻካራነት አልጠፋም ብለው ተናግረዋል። ሐዝን ያልተለመደ ስም ነው፣ ግን የተነቀፈው ባልተለመደነቱ አልነበረም።

ለምን አዲስ ስም እንፈልጋለን?

ፍላጎቱን መናቅ አያስፈልግም። በቀፊራ ገበያ መሃል ቆማችሁ «መሐመድ!» ብላችሁ ተጣሩ፤ ስንት ሰው እንደሚዞር ታያላችሁ። እኔ በተማርኩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ አምስት መሐመዶች ነበሩ። ስለዚህ መሐመድ ረጅሙ፣ መሐመድ ቀዩ፣ መሐመድ ጋራዡ (አባቱ ጋራዥ ስለነበራቸው) እየተባሉ ተጠሩ። አንደኛው ደግሞ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገው ቅጽል ወጣለት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርስ አልለቀቀውም። ለመለየት ሲባል የወጣ ቅጽል ችግር የለውም፤ ከሐዲስ ዘጋቢዎች መካከል እንኳ አል-አዕመሽና አል-አዕረጅ በአካላቸው ምልክት የታወቁ ናቸው። የሚያዋርደውን ቅጽል ግን ሱረቱል ሑጁራት ከልክሎናል። ስም ሲጋራ ቅጽል ይበዛል፤ ቅጽል ሲበዛ ስድቡም ይገባበታል።

የቢሮውም ችግር አለ። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ይህ ሰውን በአባቱ ስም ጥሩ ከሚለው የሱረቱል አሕዛብ ትምህርት ጋር ይገጥማል፤ ደስ ይለናል። ሦስቱም ስሞች በየቤቱ ያሉ ሲሆኑ ግን በአንድ የውጤት ሰሌዳ ላይ ሁለት «አህመድ መሐመድ አሊ» ይገጥማሉ። አሁን የፋይዳ 12 አሃዝ ቁጥር አንዱን ከሌላው ይለያል። ሆኖም ማንም እናት ልጇን በቁጥር አትጠራም።

የአያቶቻችን ስም ግን ተራ አይደለም

እዚህ ላይ ብርቅ ስም ፈላጊዎችን፣ ራሴንም ጨምሮ፣ ቆም ብለን እንድናስብ እፈልጋለሁ። «አህመድ አረጀ፣ መሐመድ ሰለቸ» ማለት ቀላል ነው። በዚህ አገር ግን እነዚህን ስሞች መያዝ ዋጋ ያስከፈለበት ዘመን ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ የወሎ መሪዎች እምነታቸውን ሲለውጡ ስማቸውም ተለወጠ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ከታላላቆቹ በታች ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ስንትና ስንት ገበሬዎችና ነጋዴዎች ደግሞ ልጆቻቸውን አህመድና ሰይድ እያሉ መጥራታቸውን አላቆሙም። እነሱ ሌላ ስም ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ስሙ ምስክርነት ስለነበረ ነው።

ከዚህም በላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከስሞች ሁሉ አላህ ዘንድ የተወደዱት ዐብዱላህና ዐብዱረሕማን መሆናቸውን ተናግረዋል። መስሊም ዘግበውታል። በጣም የተለመዱት ስሞች በጣም የተወደዱት ናቸው ማለት ነው። አባቱ ልጁን ዐብዱላህ ቢለው «ሌላ አጣህ?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ መምጣት የለበትም።

ስም ዐረብኛ መሆን አለበት?

ድሬዳዋ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ከመስኮቱ ውጭ ይመልሰዋል። ከተማችን ከባቡሩ ጋር ከተወለደች ጀምሮ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌውና ዐረቡ በአንድ ሰፈር ኖሯል። ሮብሌ የሚባል ሶማሌ ጓደኛ አለን፤ በዝናብ የተወለደ ማለት ነው። ዋርሳሜ የምሥራች ነው። በኦሮምኛ ገመቹ ደስታ፣ ጫላ የሚበልጥ ማለት ነው። ሁሉም መልካም ትርጉም አላቸው። ሸሪዓ ትርጉሙ መልካም የሆነን ስም በቋንቋው ምክንያት አይጥለውም። ቢላል ሐበሻዊ፣ ሰልማን ፋርሳዊ ነበሩ፤ ዐረብ ሁኑ አልተባሉም።

አብዲ የሚለውን ስም ደግሞ ተመልከቱ። በኦሮምኛ አብዲ ተስፋ ማለት ነው፤ ሙሉና ያማረ ስም ነው። በሶማሌው ሰፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጣው ባሪያ ከሚለው የዐረብኛው ዐብድ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ፣ ሁለት ሥር። ስለዚህ ትርጉም ስትጠይቁ በየትኛው ቋንቋ ብላችሁ ጠይቁ።

የሚያሳስበኝ

የሚያሳስበኝ ትርጉሙን ሳይጠይቁ በድምፁ ብቻ መውሰድ ነው። በቅርብ ዓመታት ከተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎች ስም መውሰድ ተለምዷል። አንድ ወዳጄ «መሐመድ በዛ» ብሎ መህመት ሊያወጣ አስቦ ነበር። ቱርኮች መህመት የሚሉት እኮ መሐመድን ነው! ምዕራብ አፍሪካውያን ደግሞ ማማዱ ይሉታል። ከመሐመድ ሸሽቶ መሐመድ ቤት መግባት ይሉሃል ይህ ነው።

ሌላው ረያን ነው። ጾመኞች የሚገቡበት የጀነት በር ስም ስለሆነ እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን አጻጻፉን ካልተጠነቀቅን ራያን የሚባለው የአየርላንድ ስም ይሆንና ትርጉሙ በመንገድ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው ከቁርአን ውስጥ ቃል መርጦ «ቁርአን ውስጥ ስላለ ኢስላማዊ ነው» ማለት ነው። አብተር የሚለው ቃል ለጆሮ ያምራል፤ በሱረቱል ከውሠር ውስጥ ግን የሚነገረው ዘሩ ስለተቆረጠ ጠላት ነው። ፊርዐውንም ቁርአን ውስጥ አለ። መድረሳ ለሄድን ልጆች ይህ ግልጽ ነው፤ ላልሄዱት ግን መንገር ያለብን እኛው ነን። ስልኩ የሚደወልልን ለዚህ ከሆነ ዋጋ አለው።

አስሐማ

ወደ ቤታችን ክርክር ልመለስ። የእህቴ ባል የሟች አባቱን ስም አህመድን ፈለገ። እህቴ አስሐማ አለች። ሐበሻው ንጉሥ ሰሓቦችን ሲያስጠጉ፣ ሲሞቱም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ሆነው ሶላተል ጋኢብ ሲሰግዱባቸው ስማቸው አስሐማ ነበር። ነጃሺ ማዕረጋቸው ነው፤ የግዕዙ ነጋሢ በዐረብኛ ሲነገር ማለት ነው። የሲራ ጸሐፊዎች አስሐማን በዐረብኛ ዐጢያ፣ ስጦታ ብለው ተርጉመውታል። ልጆቻችንን ነጃሺ ብለን እንጠራለን፣ ስማቸውን ግን ረስተነዋል።

አያታችን ይህን ሁሉ አዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ታዲያ ይሄን የመሰለ ስም ለምን እስከ ዛሬ ማንም አላወጣውም?»

መልስ አልነበረንም። እኔም እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም። ስም ፍለጋ ኢስታንቡል ድረስ ስንሄድ በራችን ላይ ያለውን አላየንም ማለት ብቻ ነው የምችለው።

ኢብኑል ቀይም ስለ ሕፃናት በጻፉት ቱሕፈቱል መውዱድ ውስጥ ወላጆች ካልተስማሙ ስም የማውጣት መብት የአባት መሆኑን ይገልጻሉ። አማቻችን መብቱን ያውቃል። ግን መርየምን (ዐ.ሰ.) ስም ያወጣችላት እናቷ መሆኗንም ሱረቱ ኣሊ ዒምራን ላይ ቀርቷል። ሁለት ቀን አሰበና «አህመድ ለሚቀጥለው ይቆይ፣ ይሄኛው የእናቱ ስጦታ ይሁን» አለ። ልጁ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃው ታርዶ አስሐማ ተባለ።

ስልክ ሲደወልላችሁ

አትቸኩሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸውን ኢብራሂምን በተወለደበት ሌሊት ሰይመውታል፤ እስከ ሰባተኛው ቀን መቆየትም ሱና ነው። በአገራችን ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ለምክክርም ለኢስቲኻራም ጊዜ አለ።

አጻጻፉን በአንድ ወስኑ። በሐ ይሁን በሀ፣ በላቲን ፊደልስ እንዴት ይጻፋል? የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ ፋይዳውና ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ልጁ አድጎ ከቢሮ ቢሮ ደጅ ይጠናል። ስሙ ባልተለመደ ቁጥር የሚስት ጸሐፊ ይበዛል። እህቴ ስታስመዘግብ መዝጋቢዋ ሁለት ጊዜ አስደግማታለች፤ እሷም ፊደል በፊደል ተናገረች።

ነገ የአባት ስም እንደሚሆን አስቡ። የዛሬው ሕፃን ስም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከልጆቹ ስም ቀጥሎ ይጻፋል። ለሕፃን የሚያምር ሁሉ ለአባት አያምርም።

ያወጣችሁትን ስም አትቁረጡ። በግቢያችን ዐብዱረሕማንን «ራህማን!»፣ ዐብዱልቃዲርን «ቃዲር!» ብለን እንጣራለን። ያን ስንል የአላህን ስም በፍጡር ላይ እያዋልን ነው። ዐብዱን ጨምሮ መጥራት ከአንድ ትንፋሽ በላይ አይወስድም።

በመጨረሻም አንድ ፈተና አቀርባለሁ። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው መምህሩ «ስምህ ምን ማለት ነው?» ቢለው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንገቱን ሳይደፋ መመለስ ይችላል? ከቻለ ስሙ ብርቅም ይሁን የተለመደ ጥሩ ስም ነው። መልሱ «እናቴ ድራማ ላይ ሰምታው ነው» ከሆነ ግን ዝርዝሩን እንደገና ክፈቱት።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እኛ ግን ኃላፊነቱ የወላጅ መሆኑን ተምረናል። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» የሚለው አባባል ይሻለኛል። ቤቱ መልካሙን ካወጣ ሰፈሩ መልካሙን ይጠራል።

አላህ ለልጆቻችን መልካም ስምና ስሙን የሚመስል ሥራ ይስጣቸው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።