ስንፍና የሚመስል የልብ ጉድለት

በየቤታችን ከሌሎች ይልቅ ቶሎ የሚደክም ሰው አይታጣም። በልጅነቱ ከእኩዮቹ ጋራ ሲሮጥ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ካደገም በኋላ ዳገት ሲወጣ እየቆመ ይተነፍሳል። እኛም ብዙ ጊዜ ሳንመረምር «ሰነፍ ነው» ብለን እንፈርድበታለን። ይህ ፍርድ ግን አንዳንድ ጊዜ ታላቅ በደል ነው፤ ድካሙ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ በልቡ ውስጥ ተሰውሮ ከኖረ ጉድለት የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ስለዚህ በላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ደም በአቋራጭ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ተሰጥቶታል። ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር ቀዳዳው ይከደናል። ግድግዳው ራሱ ሳይሟላ የቀረ እንደ ሆነ ግን ደም ከግራው ክፍል ወደ ቀኙ ይፈሳል፤ የቀኙም ክፍል ከድርሻው በላይ ወደ ሳንባ ሲገፋ ይኖራል። ልብም ይህን ትርፍ ሸክም ተሸክሞ ሠላሳና አርባ ዓመት ያህል ሊታገሥ ይችላል። ከ100 ሕፃናት መካከል አንዱ ያህል አንድ ዓይነት የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ ከነዚህም ሳይታወቅባቸው ለአቅመ አዳምና ሔዋን የሚደርሱ ብዙዎች ናቸው።

ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባምባሲ የምትኖር አንዲት ባለ ትዳር ለምሳሌ እናስብ። ሁለት ልጆች ወልዳ ሦስተኛውን ስትፀንስ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ልቧ ይመታል፤ እግሯ ያብጣል። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም በግማሽ ያህል ስለሚጨምር እስከዚያ የተሰወረው ጉድለት ይገለጣል። ጎረቤት ግን አንዱ «ምች ነው»፣ ሌላው «ዓይን ነው» ይላል። ከቤተ ሰቡም ውስጥ «ከሥራ ለመሸሽ ነው» የሚል አይጠፋም።

ሐኪም በማዳመጫው የልቧን ድምፅ ሰምቶ ሊጠረጥር ይችላል፤ ነገር ግን ድምፅ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። በአገራችን በልጅነት ከሚያዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚጎዳ ሌላ በሽታ አለና ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የሚለያቸውም በድምፅ ሞገድ ልብን የሚያሳየው ምርመራ ነው። ሐኪሞች «ኢኮ» ይሉታል። ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት የአልትራሳውንድ ዘመድ ነው፤ ደረት ላይ ቅባት ተቀብቶ ይታያል፤ አያምም፤ ጨረርም የለበትም። የግድግዳውን ክፍተትና ደሙ የሚሄድበትን አቅጣጫ በዓይን ያሳያል።

የሚያስደንቀው መድኃኒቱ ከዚህ መሣሪያ ጥቂት ወራት መቅደሙ ነው። በሚያዝያ 1945 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ዶክተር ጆን ጊበን የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ መኪና አቁሞ፣ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ከፍቶ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ዘጋ። በጥቅምት 1946 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን በሉንድ ከተማ ኢንጌ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ መዘገቡ። ዛሬ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው ቀዳዳ ደረት ሳይከፈት፣ በጭን ሥር በኩል በሚገባ መክደኛ ሊዘጋ ይችላል።

በአገራችንም በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በ1981 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የልብ ማዕከሉም በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ተራ የሚጠባበቁት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከባምባሲም አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዞው በጊዜ፣ ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ሊጀመር ይገባል፤ ከዚያ ወደ አሶሳ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በሐኪም ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ። መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፤ ትልቅ ክፍተት ለብዙ ዘመን ሲቆይ የሳንባን የደም ሥሮች ያደነድናልና፤ ያን ጊዜ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ጎጂ ይሆናል።

በተለይ ለወላጆች አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ጉድለቱ ከልደት ነው ሲባል እናት «ምን በድዬ ይሆን?» ብላ ራሷን ትከስሳለች። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን የእርሱንም የወላጆቹንም ኃጢአት ምክንያት አላደረገም። እኛስ እንዴት እናደርጋለን? ጠበልም ከሐኪም ጋራ ጠብ የለውም። ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ራሱ ባለ መድኃኒት ነበረ። ሕመምተኛው ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ሐኪም ያዘዘለትንም መድኃኒት በጠበል ምክንያት አያቋርጥ።

እንግዲህ በቤታችን ከልጅነቱ ጀምሮ ቶሎ የሚደክም፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚመታ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም በእርግዝናዋ ከልክ በላይ የምትደክም ሰው ብትኖር ከመፍረዳችን በፊት ወደ ሐኪም እንውሰድ። ጉድለት ያልተገኘበትም ቢሆን ጤንነቱን አውቆ ይመለሳል፤ የተገኘበትም ስንፍና ሲባል የኖረው ድካሙ ስሙ ይታወቅለታል፤ ቤተ ሰቡም ሸክሙን አብሮት ይሸከማል።